ሁለት ትርጓሜ ያላት ቃል

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ቃል በሚገባ ሳትብራራ በመቅረቷ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ታሪክም ስላለ፣ ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት በዚህ አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎች ለማቅረብ እወዳለሁ።

ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1974) እሑድ ከቀትር በፊት፣ የቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ቦይንግ 727 አይሮፕላን በበረራ ቍጥር 514፣ 85 መንገደኞችና 7 ሠራተኞች ይዞ ከኢንዲያናፖሊስ በኮሎምበስ በኩል ወደ ዋሽንግተን ይጓዝ ነበር። ሊያርፍ የታሰበው በናሽናል አይሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ብርቱ ነፋስ ከጎን ይነፍስ ስለ ነበር ወደ ደለስ ማረፊያ እንዲዞር ሆነ።

ሰማዩ በደመና በመሸፈኑ አብራሪዎቹ የሚመሩት በመሣሪያ፣ በካርታና ከምድር በሚነገራቸው ቃል ነበር። ከማረፊያው 44 ማይል ያህል ርቀው ሳሉ ተቈጣጣሪው ለማረፍ እንዲቀርቡ ፈቀደላቸው። እነርሱም ፈቃዱ እስከ 1,800 ጫማ ለመውረድ የሚያስችል መሰላቸው። ተቈጣጣሪው ግን ከፍታውን በካርታው መሠረት መጠበቅ የአብራሪው ኀላፊነት ነው ብሎ ያምን ነበር። ካርታው 1,800 ጫማ የሚፈቅደው ራውንድ ሂል የተባለውን ነጥብ ካለፉ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተጻፈው 3,400 ጫማ ነበር። አብራሪዎቹ ይህን ቍጥር አይተው ተነጋገሩበት፤ ሆኖም ፈቃድ ከተሰጠ መውረድ ይቻላል ብለው ወሰኑ። አይሮፕላኑም ነፋስ እያንገላታው ከ1,800 ጫማ በታች ወርዶ፣ በቨርጂንያ ከሚገኘው ከማውንት ዌዘር ተራራ ጋር ተጋጨ። ከ92ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ የሚከተለው ነው። ከአደጋው ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ የዩናይትድ ኩባንያ አይሮፕላን በዚያው ስፍራ፣ በዚያው አለመግባባት ዝቅ ብሎ ወርዶ ከተራራው ለጥቂት አምልጦ ነበር። ዩናይትድ የገዛ አብራሪዎቹን አስጠነቀቀ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ወደ ቲ.ደብልዩ.ኤ. አብራሪዎች ሳይደርስ ቀረ።

ነገሩን የመረመረው ቦርድ በአንድ ሐሳብ ለመስማማት አልቻለም። የሚበዙት አባላት አብራሪዎቹ ያለ ጊዜው ለመውረድ መወሰናቸውን ዋና ምክንያት አድርገው፣ ለዚህም የበረራ ቍጥጥሩ ደንብ ግልጽ አለመሆኑ እንዳበቃቸው ጻፉ። የቀሩት አባላት በፍርዱ ተለዩ።

ከዚህ ኀዘን በኋላ ትልልቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ወደ መሬት አለቅጥ ሲቀርቡ አብራሪውን በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲይዙ የአሜሪካ መንግሥት አዘዘ፤ የተቈጣጣሪዎቹም ደንብ ተሻሻለ። በ1976 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ደግሞ ናሳ አብራሪዎችና ተቈጣጣሪዎች ያጋጠማቸውን ስሕተት ስማቸው ሳይገለጥ የሚያስታውቁበትን አሠራር ጀመረ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአንዱ ማምለጥ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ እንዲሆን የተደረገው በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችን የቅኔ ትምህርት አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ሲኖረው ይደነቃል፤ ሰሚውም ወርቁን ለመፈለግ ጊዜ አለው። ደመና ውስጥ ላለ አብራሪ ግን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ነገ በሐኪም ቤት፣ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት ሥራ የምንይዝ ተማሪዎች፣ ትእዛዝ ስንሰጥ ሌላው እንዴት እንደ ተረዳው እንጠይቅ፤ ስንቀበልም ያልገባንን ለመጠየቅ አንፈር። ከአደጋ ያመለጥን እንደ ሆነም ወሬውን በቤታችን አንሸሽገው፤ ከኋላችን በዚያው መንገድ የሚመጣ ሌላ ሰው አለና።