ከመተንፈሻ መሣሪያ መላቀቅ፡- አልትራሳውንድ ምን ያሳያል?

መካኒሳ አቦ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ አልትራሳውንድ ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ነፍሰ ጡር ነው። ይኸው መሣሪያ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሌላም አገልግሎት አለው። በመተንፈሻ መሣሪያ ወይም በቬንትሌተር የሚረዳ ሕመምተኛ በራሱ መተንፈስ ይችል እንደሆነ ለመገመት ያግዛል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከተገኘ ወዲህ ቬንትሌተር የሚለው ቃል በየቤቱ ገብቷል። ዘመድ የተኙባቸው ጎረቤቶችም «መሣሪያው መቼ ነው የሚነሳለት?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ በአብዛኛው በአንድ ጡንቻ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ድያፍራም ምንድን ነው?

ድያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ የጉልላት ቅርጽ ያለው ስስ ጡንቻ ነው። አየር ስናስገባ ተኮማትሮ ወደ ታች ይወርድና ሳንባ ይሰፋል። መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስለት ግን ጡንቻው ሥራ ይፈታል፤ በጄሶ የታሰረ እግር እንደሚቀጥነው ሁሉ እርሱም ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ አንጎላቸው ሥራ ያቆመና ከ18 እስከ 69 ሰዓት በመሣሪያ የቆዩ ሰዎችን የድያፍራም ክሮች መርምሮ ውፍረታቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቷል።

ስለዚህ መሣሪያው ሲዘገይ ጡንቻው ይበልጥ ይደክማል፤ የሳንባ ኢንፌክሽንና ወጪም ይጨምራል። ቀድሞ ሲነሳ ደግሞ ሕመምተኛው ትንፋሽ አጥሮት ቱቦው እንደገና ሊገባለት ይችላል፤ ይህም ለሕይወቱ አደገኛ ነው።

እንዴት ይለካል?

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ በቀኝ ጎን በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች መካከል ያደርጋል። ጡንቻው በሁለት ነጫጭ መስመሮች መካከል ጠቆር ብሎ ይታያል። ውፍረቱ አየር ወጥቶ ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ አየር ገብቶ ሲያበቃ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይለካል። ለምሳሌ 2.0 ሚሊ ሜትር የነበረው 2.7 ቢደርስ በ35 በመቶ ወፈረ ማለት ነው፤ 2.3 ብቻ ቢደርስ ጭማሪው 15 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶራክስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 30 በመቶና ከዚያ በላይ መወፈርን እንደ ጥሩ ምልክት ወስዷል።

ሁለተኛው ዘዴ ፕሮቡን ከጎድን አጥንት ሥር አድርጎ ድያፍራሙ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ ማየት ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ ድክመትን ይጠቁማል። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም

ዋናው መመዘኛ ሕመምተኛው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት በራሱ ወይም በጥቂት እገዛ እንዲተነፍስ የሚደረግበት ሙከራ ነው። ድያፍራሙ ጠንካራ ሆኖ አክታውን በሳል ማውጣት ያልቻለ፣ ንቃቱ ያልተመለሰ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ሊቸገር ይችላል። ልኬቱ ዝቅተኛ የሆነም የሚሳካለት አለ። ውጤቱ በለካው ሰው ልምድ ይለያያል፤ የግራው ወገን ደግሞ ለማየት ያስቸግራል። መሣሪያው ብዙውን ሥራ እየሠራለት ከተለካም ቁጥሩ የጡንቻውን እውነተኛ አቅም አይነግረንም።

ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?

«ዛሬ በራሱ የመተንፈስ ሙከራ ተደርጎለታል? ስንት ደቂቃ ቆየ? ለምን ተቋረጠ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አንድ ሙከራ አልተሳካም ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ታክሞ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደገማል። ሆስፒታሉ ድያፍራምን በአልትራሳውንድ ባያይም ሕመምተኛችሁ ችላ ተባለ ብላችሁ አትስጉ። ሙከራው በየቀኑ መታሰቡ ከማንኛውም ልኬት ይበልጣልና።