ከጡንቻና ከጅማት ጉዳት በኋላ ወደ ብርታት ልምምድ የመመለስ ታሪክ

በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ታሪክ ስለ ድልና ስለ ሰዓት ብዙ ተጽፏል፤ ድሉን ያስገኘው እግር ተጎድቶ እንዴት እንደዳነ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በጥንቱ ልማድ ጡንቻው የተጎዳ ሰው በወጌሻ ታሽቶና ታስሮ ይተኛ ነበር። ዘመናዊው ሕክምናም ለብዙ ጊዜ ከዕረፍት ምክር እምብዛም አልራቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ቶማስ ዴሎርም የተጎዱ ወታደሮችን ከባድ ክብደት እያስነሣ ብርታታቸውን እንደሚመልስ እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ አሳወቀ። በኋላ በተሻሻለው አሠራሩ በሽተኛው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ይለካና፥ በመጀመሪያ ግማሹን፥ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፥ በመጨረሻም ሙሉውን ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1978 የዕረፍትንና የበረዶን ምክር ያስፋፋው ጌብ ሚርኪን እንኳ በ2014 ሐሳቡን አርሟል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ብቻ የቀደመው የተረከዙ ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በቀጣዩ ነሐሴ በኤድመንተን የነሐስ ሜዳልያ፥ በመስከረም 1994 ዓ.ም. ደግሞ በብሪስቶል የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮናነት አገኘ። የቀነኒሳ በቀለ መንገድ ግን ረዘመ። በ2002 ዓ.ም. የባቱ ጡንቻ ተጎድቶ ሃያ ወራት ያህል ከውድድር ርቆ፥ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በዴጉ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ከሦስት ሳምንት በታች በሆነ ጊዜ በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሴኮንድ አሸነፈ። በዴጉ ያቋረጠውን ሽንፈት ብሎ መጥራት፥ በዘመኑ ብዙዎች እንዳደረጉት፥ ፍርድን ማቻኮል ነው።

ችግሩ ሕመም ከብርታት ቀድሞ መጥፋቱ ነው። የተቀደደ ጡንቻ እብጠቱ በቀናት ይጎድላል፤ አዲሱ ጠባሳ በሳምንታት ይሠራል፤ ጠንክሮ ሸክም የሚችለው ግን ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ሱሉልታ ላይ ልምምድ የሚሠራ ወጣት ሕመሙ ሲለቀው ዳንኩ ይላል፤ ኑሮው በቀጣዩ ውድድር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ የሚያቆየው ሰው አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሶን ለተረከዝ ጅማት ያወጣው ልምምድ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው፤ በጉልበት ቀጥታና እጥፋት እያንዳንዱ 15 ጊዜ፥ ሦስት ዙር፥ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለ12 ሳምንት፤ ሲቀልም በጀርባ ቦርሳ ክብደት ይጨመራል። የክብደት ማንሻ ቤት በሌለበት፥ ከሰበታ አልፎ በተፍኪም ቢሆን፥ ደረጃና ቦርሳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው 12ቱ ሳምንት ነው።