ማሽን የሰበሩትና ማታ የተማሩት



ባለፈው ወር በማታው ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድነው? ስልኬ እኮ ይተረጉምልኛል፣ ደብዳቤም ይጽፍልኛል» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም ልጁ በአስተርጓሚነት በሚያገኛት ኢንሴንቲቭ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ይረዳል። ስልኩ ሥራውን ከወሰደበት ቤተሰቡ ምን ይበላል? ጥያቄው የቀልድ ሳይሆን የእንጀራ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ማጥናት ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። ስለዚህ መልሱን የፈለግሁት ከማውቀው ከታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከ200 ዓመት በፊትም ተጠይቋልና።

የጄኔራል ሉድ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1811 በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም አካባቢ፣ የካልሲ ሠራተኞች በሌሊት እየተሰበሰቡ የካልሲ መሥሪያ ማሽኖችን በመዶሻ መሰባበር ጀመሩ። ለአሠሪዎች የሚልኩትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «ጄኔራል ሉድ» ወይም «ንጉሥ ሉድ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ሉድ የሚባል መሪ በእውኑ አልነበረም፤ የፈጠራ ስም ነው። እነሱ ግን በዚሁ ስም «ሉዳይት» ተባሉ። እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው በእንግሊዝኛ በዚህ ስም ይሰደባል።

ስድቡ ግን ትክክል አይደለም። የካልሲው ማሽን እኮ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ሠራተኞቹ ከነአባቶቻቸው ከ200 ዓመት በላይ በማሽኑ ሲሠሩ ኖረዋል። የተጣሉት ከብረቱ ጋር አልነበረም። አንዳንድ አሠሪዎች ሙያውን በወጉ ያልተማሩ ልጆችን በርካሽ እየቀጠሩ፣ ቶሎ የሚተረተር ካልሲ በብዛት እያመረቱ ዋጋ ሰበሩባቸው። ባለሙያው ደግሞ ደመወዙ ወረደ። በዚያ ላይ የጦርነት ጊዜ ስለነበር ዳቦ ተወዶ ነበር።

በ1812 ነገሩ ወደ ዮርክሻየርና ወደ ላንክሻየር ተዛመተ። መንግሥት መልስ የሰጠው በወታደርና በሕግ ነው። በዚያው ዓመት ማሽን የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በጌቶች ምክር ቤት ተነሥቶ ሕጉን ተቃወመ፤ አልተሰማም። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ማሽኑ ግን ቀጠለ።

በሽመና በኩልም እንዲሁ ሆነ። ኤድመንድ ካርትራይት የሚባል ቄስ በሞተር ኃይል የሚሠራ የሽመና ማሽን እ.ኤ.አ. በ1785 አስመዘገበ። ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ደካማ ነበር፤ እየተሻሻለ ሲሄድ ግን የእጅ ሸማኔዎችን ገቢ ከግማሽ በታች አወረደው። በ1820ዎቹ በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ የእጅ ሸማኔዎች ነበሩ ይባላል። ከ30 ዓመት በኋላ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሌት ተቀን ሠርተዋል። ግን የያዙት አንድ ሙያ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚማሩበት ጊዜም፣ ቦታም፣ ገንዘብም አልነበራቸውም።

የዶክተር በርክቤክ ማታ ትምህርት

ሌላው ታሪክ የሚጀምረው በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ነው። ጆርጅ በርክቤክ የሚባል ወጣት ሐኪም በዚያ ሳይንስ ያስተምር ነበር። ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችን ለማሠራት ወደ አንድ የእጅ ባለሙያዎች ወርክሾፕ ሄደ። ሠራተኞቹ የታዘዙትን ዝም ብለው ከመሥራት ይልቅ ከበቡትና «ይሄ ለምን ያገለግላል? እንዴት ነው የሚሠራው?» እያሉ ጠየቁት። የጥያቄያቸው ብዛት አስደነቀው። እነዚህን ሰዎች ማን ነው የሚያስተምራቸው? ብሎ አሰበ።

እ.ኤ.አ. በ1800 ቅዳሜ ማታ ለሠራተኞች ነጻ ትምህርት ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን 75 ሰው መጣ። በአራተኛው 500 ደረሰ። በ1823 ደግሞ በለንደን የሠራተኞች የማታ ትምህርት ተቋም ሲመሠረት እሱ ከዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ተቋሙ በ1830 ሴቶችን ተቀበለ፤ በ1920 የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1850 አካባቢ በብሪታንያ እንዲህ ያሉ ተቋማት ከ600 በላይ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ማር ማር ብቻ አላወራላችሁም። በብዙዎቹ ተቋማት እውነተኛው ወዛደር ቀስ በቀስ ጠፋና ወንበሩን የቢሮ ጸሐፊዎችና ባለሱቆች ያዙት። ለምን? አንደኛ፣ ሠራተኛው ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ ደክሞት ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ ብዙው ሰው ማንበብና መቁጠር በደንብ ስለማይችል ሳይንሱ አይገባውም ነበር። መንግሥት ለልጆች ሁሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማዳረስ ሕግ ያወጣው በ1870 ነው። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አልፏል። ብራና ላይ በመቃ ብዕር የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች ነበሩን። እ.ኤ.አ. በ1921 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መጣ። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ፣ ቁልፉ ደግሞ ጥቂት፣ ታይፒስቷ አንዱን ፊደል ከመታች በኋላ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ ትቀጥልበት ነበር። ትልቅ ሙያ ነው! በ1980ዎቹ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ። በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ተካተተ። ያ የጣት ሙያ ዋጋ አጣ። ሰዋስውን፣ የደብዳቤ አጻጻፍንና የቢሮን ሥርዓት የምታውቅ ታይፒስት ግን ኮምፒውተሩን ለመልመድ ብዙ አልፈጀባትም።

በእኔም ደርሷል። እዚህ ካምፕ እንደገባሁ የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ወስጄ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደምጫን በቃሌ ሸምድጄ ነበር። ለሥራ ስፈተን የቀረበልኝ ፕሮግራም አዲስ ሆነ። ቁልፎቹን ብቻ እንጂ ነገሩን አልተማርኩም ነበርና ወደቅሁ። ሰርተፊኬቱ ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ታዲያ ለተማሪዬ ምን አልኩት?

በማግስቱ ስልኩን አውጣ አልኩትና «ሆዴን ቆረጠኝ» የሚለውን አስተረጎምነው። ስልኩ ሆዱ በቢላ የተቆረጠ ሰው አደረገው። ክሊኒክ ውስጥ ቢሆን ኖሮስ? ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ልጁ ግን፣ «በሚቀጥለው ዓመት ያስተካክለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተከራከርኩትም። «ማስተካከሉንና አለማስተካከሉን የሚያውቀው ግን ሁለቱንም ቋንቋ የተማረ ሰው ነው። አንተ እሱን ሁን» አልኩት።

ከታሪኩ እኔ የወሰድኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማሽን ሲመጣ የሚፈራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ፍርሃቱ ስለ ልጆቹ ነውና ይደመጥ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ማሽን አጠቃቀም በፊት ንባብ፣ ሒሳብና ቋንቋ ይቅደም፤ ማሽኑ ይለወጣል፣ እነዚህ ግን ወደሚቀጥለው ማሽን ያሻግራሉ። ሦስተኛ፣ «ተማሩ» ማለት ብቻ አይበቃም። ቀን ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የዋለች እናት ማታ እንድትማር መብራት፣ ልጅ የሚይዝላት ሰውና የማይሰለች አስተማሪ ያስፈልጋታል። ትምህርት የሚያዘጋጁልን ክፍሎች ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

የግላስጎው ሠራተኞች በር የከፈተላቸው ሰው ከመምጣቱ በፊት ጥያቄ ነበራቸው። እኛም መጠየቅ አናቁም። ልጁ እስካሁን ከክፍል አልቀረም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያስቸግረኛል።

ቸር ይግጠመን።