ከአንኮበር ዳገት እስከ ደብረ ብርሃን መጋዘን

ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ፣ አንኮበር በተራራ ላይ የተበተኑ የሣር ክዳን ቤቶች ከተማ ነበረች፤ የንጉሡ ግቢም ከአናቷ ላይ። ለጠላት አስቸጋሪ የሆነው ይህ ቦታ ለእሳት እጅግ የተመቸ ነው። ሽቅብ የሚወጣ ነበልባል ከፊቱ ያለውን ሣርና እንጨት አስቀድሞ ያደርቃልና። በልምድ የተያዘው ስሌት እንደሚለው፣ ዳገቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። ውኃ በእንስራ በሚቀዳበት ዘመን ማን ሊቀድመው! ምኒልክ መናገሻቸውን ካዛወሩ በኋላም የአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት በ1884 ዓ.ም. ገደማ ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል።

ደብረ ብርሃን ግን ሜዳ ናት፤ አደጋዋም ሌላ ነው። ስሟን ያስጠራው የብርድ ልብስ ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ሲቃጠል ግን ጢሱ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ይይዛል። ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚገባውን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጀግና እንለዋለን፤ እኔ ግን ይህን ሙገሳ አልወደውም። ሰውዬው ጡረታውን ማየት አለበት። ይህም በእርሱ ጥንቃቄ ብቻ አይወሰንም፤ መጋዘኑን የምንነድፈው፣ የጢስ መውጫውንና ሁለተኛውን በር «ወጪ ያበዛል» ሲባል ከንድፉ የምንሰርዘው እኛ መሐንዲሶች ነን።