ፒ2ኤክስ ተቀባይ

ፒ2ኤክስ ተቀባይ በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ከሕዋሱ ውጭ ኤቲፒ ሲያገኝ የሚከፈት የአዮን ቦይ ነው። ኤቲፒ በሕዋስ ውስጥ ለሥራ የሚሆነውን ኃይል የሚያቀርብ ሞለኪውል ነው። ከሕዋስ ውጭ ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ሲጨምር ነርቭ መልእክት እንደላከ ወይም በአቅራቢያው ያለ ሕዋስ እንደተጎዳ ያመለክታል።

አሠራር

ተቀባዩ ከሦስት የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ወይም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በሰው ላይ ከፒ2ኤክስ1 እስከ ፒ2ኤክስ7 ድረስ ሰባት ዓይነቶች ይታወቃሉ። ኤቲፒ የሚያርፍባቸው ሦስት ቦታዎች በሕዋሱ ውጫዊ ጎን፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ይገኛሉ። ኤቲፒ ሲያርፍ ቦዩ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ይከፈታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፣ ፖታሲየም ይወጣል። በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ኤቲፒውን ሲሰባብሩት ምልክቱ ይጠፋል።

ታሪክ

ጄፍሪ በርንስቶክ ኤቲፒ የነርቭ መልእክተኛ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1972 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ብዙ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሐሳቡን አልተቀበሉትም ነበር። በ1994 የመጀመሪያዎቹ የፒ2ኤክስ ጂኖች ተለዩ፤ በ2009 ደግሞ ዜብራፊሽ ከተባለው ዓሣ የተገኘው የፒ2ኤክስ4 ቅርጽ በዝርዝር ታወቀ።

በጤና

ፒ2ኤክስ1 በደም ሥር ግድግዳ ጡንቻና በደም ፕላትሌቶች ላይ ይሠራል። ፒ2ኤክስ2 እና ፒ2ኤክስ3 የምላስን ጣዕምና የሽንት ፊኛን መሙላት ለነርቭ ያስታውቃሉ።

በበሽታ

ፒ2ኤክስ7 የሚከፈተው ኤቲፒ በጣም ሲበዛ ነው። በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ሲከፈት ኢንተርሉኪን-1ቤታ የተባለውን፣ ብግነት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ያስለቅቃል። ሆኖም ይህን ቦይ የሚዘጉ መድኃኒቶች በሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማን ላይ ሲሞከሩ የተጠበቀውን ውጤት አላሳዩም።

ነርቭ ከተጎዳ በኋላ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ባሉ ማይክሮግሊያ ሕዋሳት ላይ ፒ2ኤክስ4 ይበዛል። በ2003 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ቦይ ከነርቭ ሕመም ጋር አያይዞታል።

ፒ2ኤክስ3 በአየር ቧንቧ ነርቮች ላይ ሳልን ይቀሰቅሳል። ይህን ቦይ የሚዘጋው ጌፋፒክሳንት ለማይለቅ ሳል በጃፓንና በአውሮፓ ኅብረት ተፈቅዷል። ነገር ግን ያው ቦይ ለጣዕምም ስለሚያስፈልግ፣ ብዙ ተጠቃሚዎች የምግብ ጣዕም ይለወጥባቸዋል ወይም ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ፒ2ኤክስ2 ያለበትን ቦይ ሳይነኩ፣ ፒ2ኤክስ3ን ብቻ የሚዘጉ መድኃኒቶችን ለማግኘት ምርምር ተደርጓል።