ከሺህ ሰባት

ጎንደር ገጠር የተማርኩበት ትምህርት ቤት በስዊድን ዕርዳታ የተሠራ ነበር። ሕዝቡም አዋጥቶበታል፤ አባቴ ድንጋይ አመላልሷል። ስዊድን የት እንዳለች የሚያውቅ ግን በቀበሌያችን አልነበረም። ነገሩን ያነበብኩት እዚህ እስራኤል፣ ሮቫ ቴት ሰፈር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ስዊድኖች በ1954 አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር የሕንፃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እጽፋለሁ)። በ1965 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ማሠራት ያዙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች ተሠሩ። በ1968 ደግሞ ፓርላማቸው ከአገሪቱ ገቢ ከመቶ አንዱ ለድሃ አገሮች እንዲሰጥ ወሰነ፣ የሚደረስበትንም ዓመት ቆረጠ።

ዓለምን የያዘው ግን ሌላ ቁጥር ነው። የካናዳው ሌስተር ፒርሰን የመሩት ኮሚሽን በ1969 ያቀረበውን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦክቶበር 24 ቀን 1970 ተቀበለው፦ ሀብታሞቹ እስከ አሥርቱ ዓመት አጋማሽ ከመቶ 0.7 ይስጡ። ከሺህ ሰባት መሆኑ ነው፤ ቄሶቻችን ከሚያውቁት አሥራት በአጠገቡም አይደርስ። ስዊድን በ1974፣ ሆላንድ በ1975 ደረሱ። አሜሪካ መጀመሪያውኑ በግቡ አልታሰርም አለች። ቢያንስ አልዋሸችም።

እኔ የምኖርባት እስራኤል በበኩሏ ገና አሥር ዓመት ሲሞላት፣ ጎልዳ ሜኢር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ የውጭ ትብብር ድርጅቷን ማሻቭን አቋቁማ ባለሙያዎቿን ወደ አፍሪካ ትልክ ነበር። ኢትዮጵያም ደርሷታል፤ በ1973 ግንኙነቱ ተቋረጠና እስከ 1989 ቀረ። በገንዘብ ከተለካ ግን መንግሥታችን ከሺህ ሰባት ቀርቶ ሁለትም አልሞላም። በ2008 የተመዘገበው ዕርዳታ 138 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ከሺህ አንድ እንኳ የማይደርስ ነው።

ከዚያም ላይ ሲሶው ገደማ ከአገር አልወጣም። ከታዳጊ አገሮች ለመጡ ሰዎች የመጀመሪያ ዓመት መተዳደሪያ የዋለ ነው። በለጋሾቹ አገሮች የ1988 ደንብ ስደተኛን ለአንድ ዓመት ማኖር እንደ ውጭ ዕርዳታ ይቆጠራል፤ እስራኤልም ተመሳሳዩን ሂሳብ ታቀርባለች። የእህቴ ልጅ በዚያው በ2008 ከጎንደር መጥታ መርካዝ ክሊታ (የመጤዎች መቀበያ ማዕከል) ነበረች። መዝገቡ ስም አይጠራም፣ እሷ ትኑርበት አትኑርበት አይለይም። ብነግራት፣ «ጋሼ፣ እና እኔ እዚህ ተቀምጬ ነው ውጭ አገር የተረዳሁት?» አለችኝ።

እስራኤልን ብቻ ማማት አይገባም። ስዊድን ራሷ በ2015 ከመቶ 1.4 ሰጠሁ ስትል ሲሶው ያህል እዚያው ለስደተኛ የወጣ ነበር። እንግሊዝ 0.7ን በ2015 ሕግ አድርጋ በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው። ከ2022 ምርጫ በኋላ የመጣው የስዊድን መንግሥትም የአንድ ከመቶውን ግብ ተወ። ስደተኛው ይብላ፣ ይጠለል፤ እኔም የበላሁት ነው። ሂሳቡ ግን በማኅበራዊ ጉዳይ በጀት ይያዝ ባይ ነኝ፤ እዚህ የበላነው ከጎንደር ልጅ ድርሻ አይቀነስ።