የወይና ደጋ ድል

ከጠዳ ወደ ጎንደር ሲወጡ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስ ይገኛል። ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት በዚያ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የኒህን ንጉሥ ታሪክ ስታነብ ጦረኛነታቸውን ብቻ አትመልከት።

በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ኋላም ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ይካኑ አለ። የተጠመቀን ሰው አልተጠመቅህም ማለት እንዴት እንደሚያቆስል አላስተዋለም። ገበሬውም መነኩሴውም ተነሣ፤ ዘመድ ከዘመዱ ተለያየ።

በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ንጉሡ ከላስታ የመጣውን የመልክዐ ክርስቶስን ጦር ድል አደረጉ። የወደቀው ሰው እስከ 8000 እንደሚደርስ ተጽፏል። መኳንንቱ ግን ደስ አላላቸውም፤ ንጉሡን በሬሳው መካከል እየመሩ፥ የሞቱት በክርስቶስ ስም የተጠመቁ የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን አሳዩዋቸው ይባላል።

የተሸነፈ ሰው ዕርቅ ቢለምን አያስገርምም። እሳቸው ግን ባለ ድል ሳሉ፥ በዚያው ሰኔ ወር፥ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ፥ ካህናቱም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲገቡ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የራሳቸውን እምነት ግን እስከ ሞት እንዳልለወጡ ሚስዮናውያኑ ጽፈዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የዐዋጁ ክብር እዚህ ላይ ነው፤ ራሳቸው ያመኑትን በሌላው ላይ በሰይፍ መጫን ተዉ። ዘግይቷል የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ በወይና ደጋ የወደቁት አልተነሡም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ። ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ።